ማን ደፍሮ የተባለው ውሻ

ጓዴ የወንድሙ የፈንታሁን አርባ በወጣ በሳምንቱ በሬዎቹን ጠምዶ የሟቹን ማሳ ድንበር ገፋ። የገፋው ሦስት ፈር ብቻ ነበር። የፈንታሁን ሚስት አሰለፈች፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቀው በዚያ መንደር ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው፣ ሦስቱን ፈር አይታ ዝም አለች። በዓመቱ ስድስት ሆነ፤ አሁንም ዝም አለች። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ግን የድንበሩ ድንጋይ ራሱ ተነቅሎ ገደል ተጥሎ ብታገኘው፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ከበሬዎቹ ፊት ቆመች።

"ወግጂ!" አላት ጓዴ።

"የመሬቱ ደብተር በእኔና ከተማ በሚማረው ልጄ ስም ነው። በሬህን መልስ።"

"ሴት መሬት አታርስም።"

"እኔ ባላርስ አሳርሳለሁ።"

ጓዴ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጅራፉን አንስቶ በመጀመሪያ ፊቷን ገረፋት። ንቅንቅ አልል ስትለው ጊዜ ጅራፉን ገልብጦ በእንጨቱ ገባባት። ከወደቀች በኋላም አልተዋትም፤ በእግሩ ጎኗን ሲረግጣት ሁለት የጎድን አጥንቷ ተሰበረ። ማሳዋን የሚያርስላት እኩል አራሿ ከማዶ ሆኖ አየና በሸለቆው በኩል ወደ ቤቱ ሄደ። ምሳ ይዛ የመጣችው የጓዴ ሚስት ተዋበች አገልግሉን እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች። አላስቀመጠችውም፤ አልጮኸችምም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የአሰለፈች የንስሐ አባት ቄስ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጓዴን ድንጋይ አሸክመው እግሯ ላይ ጣሉት፤ እሷም "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። ሰው ሁሉ እርቅ ወረደ ብሎ በላ፣ ጠጣ፣ ተበተነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አሮጌው ውሻዋ በር ላይ አረፋ ደፍቆ ሞቶ ተገኘ። ሐምሌ ላይ ደግሞ የምትታለበው ላሟ ቋንጃዋን በመጥረቢያ ተመትታ ጭቃ ውስጥ ስትንፈራገጥ አገኘቻት። ማን እንደመታት አሰለፈች ታውቃለች፤ መንደሩም ያውቃል። ያየ ሰው ግን አልተገኘም።

ከንፋስ መውጫ የእንስሳት ሐኪም ጠራች። ሐኪሟ ራሄል የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች፤ በሞተር ብስክሌት እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ መጣች። ላሚቱን ዳበሰችና ራሷን ነቀነቀች።

"ጅማቷ ተበጥሷል። ከእንግዲህ አትቆምም፤ ያሳርዷት።"

አሰለፈች አላለቀሰችም። ጎረቤት ጠርታ አሳረደቻት። ራሄል እጇን እየታጠበች ግቢውን ቃኘች።

"ውሻ የለዎትም እንዴ፣ እትዬ?"

"ነበረኝ። መርዝ አበሉብኝ።"

ራሄል ቀና ብላ አየቻት። "እንግዲያው ቅዳሜ ወደ እኔ ቤት ይምጡ።"

ያን ጊዜ የራሄል ቤት በከተማው "የውሾች ቤት" ይባል ነበር። ባለፈው ጥቅምት ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተብሎ ሥጋ በመርዝ ተለውሶ በየመንገዱ ተበተነ። ሲነጋ አስፋልቱ ዳርና ዳር ውሻ ተዘርሮበት ነበር። መርዙ ያልጨረሰውን ውሻ ጎረምሶች በድንጋይ ጨረሱት። ራሄል እስትንፋስ ያላቸውን አሥራ ዘጠኙን በጋሪ ለቅማ ቤቷ ወሰደችና የተፈጨ ከሰል በውኃ እያደረገች ስትግታቸው ዋለች። ሰባቱ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ እግሩ የተሰበረም፣ በፈላ ውኃ የተቃጠለም ውሻ ያገኘ ሰው እሷ በር ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ቅዳሜ አሰለፈች የግቢውን በር ገፋ ከማድረጓ አንድ ረጅም እግር ያለው ጎረምሳ ውሻ ደረቷ ላይ ወጣ። ነጠላዋን ጎትቶ ጣለ፤ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ የውኃ ባልዲ ገለበጠ፤ ከተሰጣው ልብስ አንዱን ካልሲ አንጠልጥሎ ተመለሰና እግሯ ሥር አኖረላት።

"እሱ ክልስ ነው" አለች ራሄል። "እናቱ የዚሁ የመንገድ ውሻ ነበረች፤ አባቱ ከመንገድ ሥራው ካምፕ የነበረው ትልቁ የፈረንጅ ውሻ ነው ይላሉ። ቡችላ ሆኖ ከሞተች እናቱ ሆድ ሥር ሲጠባ ነው ያገኘሁት። አሁን አሥር ወሩ ነው። ሦስት ሰው ወስዶ ሦስቱም መልሶልኛል፤ አላስቀምጥ አለን እያሉ።"

"እኔ አልመልሰውም።"

"ሁለት ነገር ቃል ይግቡልኝ። ቀኑን ሙሉ አይታሰርም። በዱላም አይሠለጥንም።"

"እኔንስ ማን ያለ ዱላ አሳደገኝ?" ብላ አሰለፈች ሳቀች። ራሄል አልሳቀችም። የእብድ ውሻ ክትባት የተወጋበትን ካርድ ሰጠቻትና፣ አፉ ውስጥ ያለውን እንዲለቅ "በቃ" የሚለውን ቃል እንዴት እንደምታስተምረው አሳየቻት።

ባጃጅ ውስጥ አልቀመጥ አለ። ሁለት ጊዜ ከነገመዱ ዘሎ ወረደ፤ ባለባጃጁም ሁለቱንም መንገድ ላይ ጥሏቸው ሄደ። አሰለፈች ቤቷ ስትደርስ ገመዱ መዳፏን ልጦት ነበር። በነጋታው ሁለት ዶሮ ገደለ። በሦስተኛው ቀን አጎዛዋን ዘነጠለው። በአራተኛው ቀን ባቄላው ውስጥ ገብቶ ሲቦርቅ ባየችው ጊዜ ደሟ ፈላ፤ የማገዶ ፍልጥ አንስታ ተከተለችው። ውሻው አልሮጠም። መሬት ላይ ተለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሽንቱ አመለጠው።

አሰለፈች ፍልጡን እንዳነሳች ቆመች። ጎኗ፣ ያ አጥንቱ የተሰበረው፣ ድንገት ጠቀጠቃት። ፍልጡን ወደ ማጀት ወረወረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሷ ውስጥ የገብስ ቂጣ ትይዝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ይዛው ትሮጣለች፤ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። መንደርተኛው "ሴትዮዋ ከውሻ ጋር አበደች" ብሎ ሳቀባት። እሷ ደንታም አልሰጣት። በአገሩ ልማድ ሰው ለባላንጣው የሚለውን ቃል የውሻው ስም ያደርገዋል፤ እሷም "ማን ደፍሮ" አለችው። ማታ ማታ ደጅ ወጥታ "ማን ደፍሮ! ማን ደፍሮ!" ብላ ስትጣራ ድምፅዋ ጓዴ ግቢ ድረስ ይሰማል።

"እኔን ነው የምትሳደብ" ይል ነበር ጓዴ ጠላ ቤት ተቀምጦ። "ሁለቱንም ሳልቀብር ብቀር ወንድ አይደለሁም።"

ኅዳር ሚካኤል ቀን መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አሰለፈች የተከመረ ገብሷን ጥላ መሄድ ስላልሆነላት አውድማው ዳር ቀረች። ማን ደፍሮ ክምሩ ላይ እየወጣ ነዶ ሲያፈርስባት ጊዜ ጥድ ሥር አሰረችው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጓዴ በክምሩ ጀርባ በኩል መጣ። በአንድ እጁ ማጭድ፣ በሌላው ክብሪት ይዟል።

"ጓዴ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው!" አለችው።

"ታዲያ ሚካኤል ያጥፋልሻ!" አለና ክብሪቱን ጫረ።

ዘላ እጁን ያዘችው፤ ክብሪቱ ጠፋ። በክርኑ አፏን ሲላት ጥርሷ ከንፈሯን በሳው። መንሹን ብታነሳ ነጠቃትና በእሱው ትከሻዋን መታት፤ እንጨቱ ለሁለት ተሰበረ። ስትወድቅ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ማጭዱን ጎኑ ጥሎ በሁለት እጁ አንገቷን ያዘ። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ጆሮዋ ውስጥ አንዳች ነገር ሲጮህ ይሰማታል። የሚጮኸው ውሻው ነበር። ገመዱ ተበጠሰ።

ማን ደፍሮ ከጎን መጥቶ የጓዴን ቀኝ ክንድ ጎረሰ። ጓዴ ጮኾ ተንከባለለ። በግራ እጁ ማጭዱን አግኝቶ የውሻውን ትከሻ እስከ አጥንቱ ተለተለው፤ ደሙ ገብሱ ላይ ተረጨ። ውሻው አለቀቀም። ጓዴ ደጋግሞ መታው፤ ጆሮው ተቆርጦ ወደቀ። ያኔ ክንዱን ለቆ ፊቱን ያዘው።

"እታለም! ያዥልኝ! በፈጠረሽ ያዥልኝ!" አለ ጓዴ።

አሰለፈች በጉልበቷ ተነሥታ ነበር። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ላይ ነበር። አላወጣችውም። የጓዴ እግር መሬቱን ሲደበድብ እያየች ዝም አለች። ፈንታሁን ትዝ አላት፤ ላሚቱ ትዝ አለቻት። ከዚያ የሰውየው ጩኸት ወደ ማጣጣር ሲለወጥ ሰማች።

"በቃ!" አለች። "ማን ደፍሮ፣ በቃ!"

ውሻው አልሰማም። ላዩ ላይ ተጣለችና መንጋጋውን በእጇ ፈለቀቀችው፤ የእሷንም መዳፍ ከአውራ ጣቷ ሥር ዘነጠለው። ደሟ አፉ ሲገባ ለቀቀ። ነጠላዋን ቀደደች። ግማሹን በጓዴ ክንድ ላይ አሰረች፣ ግማሹን በውሻው ትከሻ ላይ።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ያየው ደም ብቻ ነበር። "ውሻው አብዷል!" አለ አንዱ፤ ሌላው ድንጋይ አነሣ። ጓዴን በቃሬዛ ሲወስዱት የቀሩት አሰለፈችን እስከ ቤቷ ተከተሏት። ውሻውን ጎትታ በሩ ውስጥ ካስገባች በኋላ ደፉ ላይ ቆመች። አንድ ድንጋይ ግንባሯን ፈነከተው። ሁለተኛው ጉልበቷን መታት። አልተቀመጠችም።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው በመሐል ገቡ።

"ከመውገራችሁ በፊት ጠይቁ! የአንገቷን ሰንበር የውሻ ጥርስ ነው ያወጣው? ይህስ የማን ነው?" ብለው ከአውድማው ያነሡትን የክብሪት ቀፎ ከፍ አደረጉት። "ጓዴ በቅዱስ ሚካኤል ቀን አውድማ ላይ ክብሪት ይዞ ምን ሊሠራ ሄደ?"

ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደቁ።

በማግስቱ ራሄል መጣች። የክትባቱን ካርድ ለሽማግሌዎቹ አነበበችላቸው፤ ውሻውን አሥር ቀን ግቢዋ አስቀምጣ እንደምትመለከተው ነግራቸው፣ ትከሻውን ሰፍታ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝታ በፒክአፕ ወሰደችው። በአሥራ አንደኛው ቀን መለሰችው። ያነክሳል፣ ግራ ጆሮ የለውም፤ ግቢ እንደገባ ግን አንድ ዶሮ ገደለ።

ጓዴ ከሆስፒታል ወጥቶ ፍርድ ቤት ቀረበና አራት ዓመት ተፈረደበት። ሁለት ጣቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም። የቀበሌው ሰዎች ገመድ ይዘው መጥተው ማሳውን ለኩ፤ የድንበሩ ድንጋይ ከገደል ወጥቶ ተተከለ።

አሰለፈች ለገና ንስሐ ገባች። "ውሻውን መጥራት ስችል ጠበቅሁ፣ አባ" አለች።

"ምን ያህል?"

"አባታችን ሆይ አንድ ጊዜ እስኪባል ድረስ።"

መሪጌታ ቀኖናዋን ነገሯት። "ለጓዴ እስር ቤት ስንቅ ታደርሺለታለሽ።"

"ሌላ ቀኖና ይስጡኝ።"

"ሌላ የለኝም።"

ጥር ላይ አንድ ጊዜ ሄደች። በሶውን ለዘበኛው ሰጥታ፣ ሰውየውን ሳታይ ተመለሰች። መሪጌታም አልጠየቋት።

መጋቢት ላይ ተዋበች በጠራራ ፀሐይ ወደ አሰለፈች አጥር መጣች። አሰለፈች ማሳው ላይ ከተደበደበችበት ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ውሻው ሲያጉረመርም ወደ ኋላ አላለችም። ሰላምታም አልሰጠች፤ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ አሮጌ የመቃጠል ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራርቧል።

"ሲፈታ ወደ እኔ ነው የሚመጣ" አለች። "ያቺ ሐኪም ሌላ ውሻ አላት?"

"አላት። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን፤ ከዋርካው ሥር ጠብቂኝ።"

ቅዳሜ አሰለፈች ማን ደፍሮን በገመድ ይዛ ዋርካው ሥር ቆመች። ሦስት ባጃጅ አለፈ። ገበያተኛው ሄዶ ሲመለስም እዚያው ነበረች። በኋላ እንደሰማችው ተዋበች በዚያው ጠዋት ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ስማዳ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዳለች፤ በሩንም ከውጭ ቆልፋዋለች። አሰለፈች ከመንገድ ዳር ሱቅ ጨው ገዛች፤ ውሻው ክንዷን እየጎተተ፣ እሷም እየተሳደበች ዳገቱን ወጡ።