የአማቴ የተዝካር ነጭ ሽንኩርት

አማቴ እኛ ቤት የመጡት ሊሞቱ ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ምራት ክፉ ናት እንዳትሉኝ። ራሳቸው ናቸው ከባጃጅ ሳይወርዱ፣ የእንጅባራ መንገደኛ ሁሉ እየሰማ፣ «ልሞት መጣሁ» ያሉት። ከአዘና ገጠር ይዘውት የመጡት ዕቃ አንድ ጆንያ ነው፤ ውስጡ መግነዛቸውና አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት። ባሌ መግነዙን አይቶ እንባው መጣ። እኔ ነጭ ሽንኩርቱን አይቼ ሥራ እንደመጣብኝ ገባኝ።

«ይኼ ለተዝካሬ ነው» አሉኝ። «ተክለሽ አብዢው። የገበያ ነጭ ሽንኩርት የተዝካሬ ወጥ ውስጥ ከገባ አጥንቴ ይፋረድሻል።»

ዘሩን ከእናታቸው ነው የወረሱት፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቀላ ያለ፣ ሲላጥ የሚያስለቅስ። የገበያውን «ውሃ» ነው የሚሉት። እኔ የዳንግላ ልጅ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስበላ መኖሬን ያን ቀን አወቅኩ።

ሰኔ ላይ ጓሮ ተከልነው። የእንጅባራ ዝናብ ደግሞ ተው ቢሉት አይሰማም። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እያለ መጣ፤ ስንነቅለው ሥሩ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ይገማል። አማቴ እህል አልቀምስም አሉ። «በቃ በውሃ ልትሸኙኝ ነው» እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የተረፈው ዳር ዳሩን አበባ ያወጣው ጥቂት ብቻ ነበር። እኛ አገር የነጭ ሽንኩርት አበባ ይቀነጠሳል፤ ሥሩ እንዲወፍር። እኔም ልቀነጥስ እጄን ስሰድ በመስኮት አይተው «አትንኪው!» ብለው ከተኙበት ተነሥተው መጡ። ለካ አበባው አናት ላይ ስንዴ የሚያካክሉ ፍሬዎች ያፈራል። በመዳፋቸው ፈተጉና አሳዩኝ። «ይኼ መሬት አልነካውም፤ በሽታም አልነካውም። ከርሞ አጥሩ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት በማያውቅ መሬት ትዘሪዋለሽ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«መጀመሪያ አንድ ድብልብል ፍሬ ይሆናል። እሱ ተመልሶ ሲተከል ነው በዓመቱ ወደ ብዙ ፍሬ የሚከፈለው። ሁለት ክረምት ነው።»

«እማማ፣ ልሞት መጣሁ አላሉም እንዴ?»

«ነጭ ሽንኩርቴ ሳይደርስ ማን ይሞታል!» አሉኝ፣ እንደ ተሳደብኩ ሁሉ ተቆጥተው። እንግዲህ መልአከ ሞትም እንደኔው ጓሮ እያየ ይጠብቃል ማለት ነው።

በዓመቱ ዘራነው። የበቀለው ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው። ባሌ ሣር መስሎት ማጭድ ይዞ ሲጠጋ እናቱ በአዊኛ ወረዱበት። አማቴ ሲመርቁ በአማርኛ ነው፣ ሲሳደቡ በአዊኛ፤ እኔ እንዳይገባኝ ብለው። ከልጃቸው ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ! ባሌ ነገር ሊያበርድ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ። እሱ ተረት ካገኘ ዶማ አይነካም።

መስከረም አልፎ ስንነቅለው እንዳሉት ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል ድብልብል ሆኗል። ባለ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ መድኃኒት ነው ይባላል። ወሬው ወጣ። ጉንፋን የያዘው፣ ሆዱን የነፋው፣ ልጇን ቡዳ እንዳይበላባት የፈራች፣ ሁሉም የኛን በር አንኳኳ። አማቴ መድኃኒት አይከለከልም ብለው ይሰጣሉ፤ ሲመሽ ደግሞ «አንቺ ዘሩ ሲያልቅ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ብለው እኔን ይይዙኛል። በመጨረሻ የተረፈውን ዱቄት ውስጥ ቀብሬ አልቋል አልኩ። የሰው ተዝካር ዘር ደብቄ ጎረቤት ፊት የምዋሽ ሴት ወጣኝ።

በሁለተኛው ክረምት የደበቅኩትን አውጥተን አጥሩ ሥር መልሰን ተከልነው፤ ነሐሴ ላይ አማቴን ደረታቸውን ያዛቸው። የነፍስ አባታቸው ተጠሩ። እኔ ጠዋት ጠዋት ጃንጥላ ይዤ አጥሩ ሥር ደርሼ እመለሳለሁ። «ደረሰ?» ይሉኛል በቀጭን ድምፅ። «ገና ነው እማማ፣ ገና ለጋ ነው» እላለሁ። ገና ነው ስላቸው አጥሚቱን ይጠጣሉ። እኔም አንተ አምላክ፣ ይኼን ነገር አታድርሰው እያልኩ መጸለይ ጀመርኩ። የተከለውን እንዳይደርስ የሚሳል ገበሬ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዳኑ። ጥቅምት ላይ ነቀልነው፤ ተከፍሎ፣ ቀልቶ፣ ሽታው ጓሮውን ሞላው። ባሌ ጎንጉኖ ሳሎን ሰቀለላቸው። አማቴ ቀና ብለው አይተው እልል አሉ። ከዚያ ጥሩ ነጠላቸውን ለእህታቸው ልጅ ላኩ። መግነዛቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡ። «እንግዲህ ልሂድ፤ ሁሉ ተሟላ» አሉኝ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ክረምት ጭቃ ውስጥ የተንበረከክኩት ለዚህ ነው?

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነበር። ጉንጉኑን አወረድኩት። አንድ ሳላስቀር ፈልፍዬ፣ ልጬ፣ ወቅጬ ወጡ ውስጥ ጨመርኩት። ማኅበርተኛው ጣቱን ላሰ። አማቴም ሁለቴ አስጨመሩ። በኋላ ሰው ሲወጣ ቀና ብለው ባዶውን ሚስማር አዩ።

«የት አለ?»

«በላነው፣ እማማ። ለዘር የቋጠርኩት የአበባው ፍሬ ብቻ ነው የቀረው።»

በአዊኛ ብዙ ተናገሩ። ሁሉም ገባኝ። ሲደክማቸው በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ሰው፣ ምን አድርጌሽ ነው? አሁን እኮ ሌላ ሁለት ክረምት ልቆይ ነው» አሉ።

«ይቆዩ» አልኳቸው። ልቀልድ ነበር፤ ቀልድ አልሆነልኝም። «እባክዎ ይቆዩልኝ።»

 ትሪያቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉ።

«እንግዲያው ወጥ ጨምሪ» አሉ።