የፈገፈግኳት ብሎን

ካዛንቺስ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ነርስ ሳለሁ ዕቃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። በእጄ ያለፈ ጉጠት ፊት ያሳያል። ዶክተራችን በሰው ፊት ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ጠዋት ከጥፍር የማትበልጥ ብሎን ሰጠኝ። መንጋጋ አጥንት ውስጥ ትገባና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይታሰርባታል። ከውጭ በሰው እጅ ስትመጣ ማሸጊያዋ ተቀዶ ስለነበር፣ «ሲስተር፣ አጣጥበሽ መቀቀያው ውስጥ ክተቻት» አለኝ። ሳያት አመድ የነካት ትመስላለች፤ ደብዛዛ፣ ሻካራ። ይኼን ነው እንዴ ከፈረንጅ አገር ያመጡት ብዬ በድስት ሽቦ ፈገፈግኳት። እንደ ቀለበት አበራች።

ከሰዓት ብሎኗ የምትገባላቸው ሴትዮ ከጎተራ መጡ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። የልጃቸው ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጥርሱ ለዚያ እንዲደርስላቸው ለምነዋል።

ዶክተሩ ከማደንዘዣው በፊት ያስረዳቸው ጀመር። «ቲቸር፣ የብሎኗን ፊት ሆን ብለው በአሸዋና በአሲድ ነው ያሻከሩት። አጥንቱ ሻካራውን ነው ቆንጥጦ የሚይዘው። ልሙጥ ብትሆን በደንብ ላይዛት ይችላል፤ ትነቃነቅብዎታለች።»

ትሪው ላይ የምታበራዋን ብሎን አየኋት። ዝም ብልስ? አንዴ ደም ከነካት ማን ያያታል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኼኛው እስኪጠራ ግን የሴትየዋ ጥርስ ይወልቃል።

«ዶክተር... ማለቴ፣ በሽቦ ፈግፍጌያታለሁ።»

ዶክተሩ ጓንቱን አወለቀ። ሌላ አልነበረንም፤ ሌላ እስኪመጣ ደግሞ ሰርጉ ያልፋል። ሴትየዋ ከወንበሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«አብረቀረቀችልሽ?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለተኛዋ ብሎን ሰርጉ ካለፈ በኋላ ማሸጊያዋ ሳይነካ መጣች። እኔም አልደረስኩባትም። ጥርሱ በተገጠመ በወሩ ሴትየዋ የሰርጉን ፎቶ ይዘው መጡ። ሙሽራዋ፣ ሙሽራው፣ ዘመዱ ሁሉ ጥርሱን ገልጧል። እሳቸው ብቻ አፋቸው ላይ ነጠላ ይዘዋል። ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተይው በቃ፣ ልጄ» አሉና ከንፈራቸውን ገለጡ። «ግፊው እስቲ።»

በጣቴ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም።