የማርያማዊት የእረፍት ተራ

ማርያማዊት ተወልዳ ያደገችው ደባርቅ ነው። አባቷ አቶ ታደለ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ ሸቀጥ ሲያመላልሱ፣ ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ ጠጉራቸው የሸበተ። በእነሱ ቤት በቀን የሚተኛ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሰንፏል። ሦስተኛ ዓይነት ሰው አይታወቅም።

ልጅቱ አድጋ የበረራ አስተናጋጅ ስትሆን ይህንኑ ትምህርት ይዛ ነው የሄደችው። ውቅያኖስ በሚሻገር ረጅም በረራ ላይ መጀመሪያ የተመደበች ጊዜ፣ የመንገደኛው እራት ተነስቶ መብራቱ ሲደበዝዝ፣ የቡድኑ አለቃ የትናየት ጠራቻት።

«ተራሽ ደርሷል። ላይ ውጪና ተኚ።»

ከአውሮፕላኑ ጭራ በኩል ቁም ሣጥን የሚመስል በር አለ። ሲከፍቱት ቀጥ ያለ ጠባብ ደረጃ ነው፤ ከላይ አልጋዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ አልጋ መጋረጃ፣ ትንሽ መብራትና የሚታሰር ቀበቶ አለው። ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ተኝቶ እንጂ ተቀምጦ አይሆንም። ማርያማዊት ቀበቶዋን አስራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ተጋደመች። «ጓደኞቼ ሲንከራተቱ እኔ ልተኛ?» አለች በልቧ። አላስቻላትም፤ ቀስ ብላ ወርዳ ሥራ ከያዙት ጋር ሥራ ያዘች። «ኧረ ውጪና እረፊ!» ቢሏት «አልደከመኝም» እያለች ሌሊቱን በእግሯ ፈጀችው።

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ ለቁርስ የፈላ ውኃ ስትቀዳ በገዛ እጇ ላይ ደፋችው። ያስደነገጣት ቃጠሎው አልነበረም። ከመድፋቷ በፊት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማ፣ ለምን እንደያዘችው ጠፍቷት ነበር።

የትናየት እጇን ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይዛ «አልተኛሽም አይደል?» አለቻት።

«ሰው ሲሠራ መተኛት አሳፈረኝ።»

«የኔ እህት፣ የምትተኚው ለራስሽ መስሎሻል? አሁን እሳት ቢነሣ ያንን የአደጋ መውጫ በር የሚከፍተው ማን ነው? አንቺ ነሽ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች ይህን አምነው ነው የተኙት።»

ቁጣ አልነበረበትም። ማርያማዊትን ግን ከቁጣ የበለጠ ዘልቆ ገባት። ከዚያ ወዲህ ተራዋ ሲደርስ ወጥታ መጋረጃዋን ትስባለች፣ ዓይኗን ትከድናለች። እንቅልፉ እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ በልምድ መጣላት።

ለዓመት ፈቃድ ደባርቅ ስትመጣ ይህን ሁሉ ለአባቷ አጫወተቻቸው። አቶ ታደለ ጉርሻቸውን አቁመው «አብራሪውም ይተኛል?» አሉ።

«ይተኛል እንጂ! እንዲህ ባለው ረጅም በረራ አራት ሆነው ነው የሚሄዱት። ሁለቱ ሲያርፉ ሁለቱ ይይዛሉ።»

«ሕዝቡስ ይህን እያወቀ ይሳፈራል?» አሉና ከት ብለው ሳቁ። «እኔ እንኳ መሪ ይዤ አሸልቤ አላውቅም።»

በዚያው ሳምንት አዲ አርቃይ ያለች አክስቷን አበባን ልትጠይቅ ከአባቷ ጋር ተሳፈረች። አቶ ታደለ ጎንደር ጭነው ሲነዱ አድረው፣ ፊታቸውን ታጥበው ብቻ ነበር የተነሡት። ከተማውን እንደወጡ ስለ ዘንድሮ ገብስ ይነግሯት ጀመር፤ ወሬው መካከል ላይ ቆመ። ጎማው የመንገዱን ዳር ጠጠር ነካ፤ ብንን ብለው መለሱት። ምንም እንዳልሆነ ሰው አንገታቸውን አሹ።

ማርያማዊት ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች። ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ ማንቆርቆሪያ ይዛ የቆመች ጊዜ የራሷ ነበር።

«አባባ፣ ዳር ይያዙ።»

«ምነው፣ አመመሽ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። አንቱ ደክመዋል።»

«ነገር አታምጪ። ይችን ቁልቁለት እስክንጨርስ ነው።»

«ቁልቁለቷ አይደለች የምታስፈራኝ! አባባ፣ እኔስ ልጅዎ ነኝ፣ ወድጄ ተቀምጫለሁ። ያ ግን ምን አደረገ?»

ከሥራቸው፣ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ ሰው የሞላ አውቶቡስ እያቃሰተ ይወጣል። አቶ ታደለ አዩት። መንገዱ ሰፋ ካለበት ሲደርሱ ጥግ ይዘው አቆሙ።

ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አልጋ ነበረች፤ ገመድ፣ ሸራና ባዶ ጀሪካን ተከምሮባታል። ማርያማዊት ሁሉንም አወረደች። «በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ!» ሲሉ ነጠላዋን በመስኮቱ ላይ ጋረደችላቸው። «እንግዲያስ ጥቂት ጋደም ልበል» አሉ፤ ወዲያው አንኮራፉ።

እሷ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገብታ ዳር ተቀመጠች። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ሣር ይነጫሉ። አንድ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ «ተበላሸባችሁ እንዴ?» አላት።

«ደኅና ነው። ሾፌሩ እያረፉ ነው።»

«ወይ መታደል!» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

አቶ ታደለ ሲነቁ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። «ምነው ሳትቀሰቅሺኝ!» ብለው ተቆጡ፣ ተጣጥበው ሞተር አስነሡ። አንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዝ አድርገው ቁልቁል ተመለከቱና «ለካ ይህች ይህን ያህል ጠባብ ናት» አሉ። አክስቷ አበባ ምሳው ቀዘቀዘ ብላ ስትቆጣቸው አመሸች።

ማርያማዊት ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ እናቷ ወይዘሮ ዘቢደር ደወሉላት። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ ያጣ፣ እንግዳው የሚባል የዘመድ ልጅ አባቷ ረዳት ሾፌር አድርገው ይዘዋል። ከጎንደር እስከ ዳባት እሱ ይነዳል፣ ከዳባት እስከ አዲ አርቃይ እሳቸው።

«የዳባት ሰው ጉድ ብሏል» አሉ እናቷ። «መኪናው ሲገባ አባትሽ ከኋላ ተኝቶ ያዩታል። ትናንት አንዱ ‹ታደለ፣ አረጀህ?› ቢለው፣ ‹እንደ አብራሪዎቹ ነው የምሄደው› ብሎ መለሰለት።»