ከዚህ የተወሰደ

የኮምፒውተር ጌም የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ የሚጠሯት "የዝገት እናት" ብለው ነው። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። ለጌም የተላጠ ቀለም፣ የወየበ ግድግዳ፣ የላላ ማጠፊያ ወይም ብዙ እጅ ያሻሸው የበር እጀታ ሲፈለግ ሥራው ወደ እሷ ጠረጴዛ ይመራል። አዲስ በር ማንም ይስላል። አሮጌ በር ለመሳል ግን ሰው የት ላይ ገፍቶ እንደሚከፍተው፣ የት ላይ በእግሩ እንደሚመታው ማወቅ ያስፈልጋል። እሷ ይህን የተማረችው ከአባቷ ነው።

አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። እሷ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ማታ ሲገባ ኪሱ ውስጥ የሚቀረው ካቻቪቴና የአቧራ ጥቅል ብቻ አልነበረም፤ ወሬም ይዞ ይገባል። ሁለት ፎቅ መሀል ተይዘው ስለቀሩ ሰዎች ነው ወሬው። አባቷ እንደ ሌሎቹ ጠጋኞች ደርሶ ወዲያው መፍታት አይጀምርም። መጀመሪያ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ፣ "ምሳ ምን በላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። "ሰው ሲፈራ ስለ ምግብ ጠይቂው" ይላት ነበር። "ሆዱን ሲያስብ ገመዱን ይረሳል።" አንዴ አንዲት መምህርት ውስጥ ሆና የፈተና ወረቀት ታርም ኖሮ፣ በሩን ሊከፍትላት ሲል "ወንድሜ፣ ስድስት ወረቀት ቀርቶኛል፣ ትንሽ ታገሰኝ፤ ቤት ከገባሁ ማን ያሳርመኛል?" ብላ ለመነችው። አባቷም ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

የልጅቱ የመጀመሪያ ሥራም ከዚሁ ሙያ የመጣ ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ጠጋኞች ከቆመ አሳንሰር ላይ ነቅለው ለሌላው ይገጥማሉ። ታዲያ አባቷ ዕቃ በነቀለበት ቦታ ሁሉ የካርቶን ካርድ በሽቦ አስሮ ይሄዳል። "ከዚህ የተወሰደ" ይላል ካርዱ፤ ከሥሩ የዕቃው ስም፣ የሄደበት ሕንፃ፣ የወሰደው ሰው፣ የሚመለስበት ቀን። የእሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ካርዱን የምትጽፈው እሷ ነበረች። በአንዱ ጥግ ላይ ትንሽ አሳንሰርም ትስልበታለች። "ጫጭሬ" የሚላት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ካደገች በኋላ እነዚያን ወሬዎች የኮሚክ መጽሐፍ ልታደርጋቸው ተነሳች። በየምዕራፉ የተያዘ ሰው ተለዋውጦ ይገባል፤ በሩ ጋ ያለው ሽማግሌ ግን ያው ነው። ቆቡ ወደ ኋላ የተገፋ፣ እርሳስ ከጆሮው በላይ የሰካ፣ የግራ ሱሪው ጫፍ የሞተሩ ጥርስ እንዳይዘው በልብስ መቆንጠጫ የተያዘ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ። አባቷ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ቀኑ የስቱዲዮው ስለሆነ ጠዋቱን ለራሷ አደረገችው። ወፍ ሳይንጫጫ ትነሳለች፣ ከቁርስ በፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ትሠራለች፣ ከዚያ እርሳሱን አስቀምጣ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ሁለቱን ሥራ እንዳታደባልቅ ሕግ አወጣች፤ ለቤት ሥራ ወረቀትና ቀለም፣ ለመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ታብሌት። በአራት ዓመት ሰማንያ አራት ገጽ ሠራች። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲሱን ገጽ ይዛ ታላቅ እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ አባቷ የሚኖረው እዚያ ነው። ሳንባው አርባ ዓመት የዋጠውን አቧራ መመለስ ጀምሮ ነበር። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ፣ እጁ ላይ ማጉያ መነጽር ይዞ ገጹን እንደ ኢንስፔክተር ይመረምራል።

"ገመዱ በዚህ በኩል አይመጣም፤ ሰውየውን ልትገድዪው ነው?"

"አባዬ፣ ስዕል እኮ ነው።"

"ስዕልም ቢሆን ሰው ይሳፈርበታል።"

እህቷ ከወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። "እሱን ገጽ ማስጸደቅ ከአለቃሽ ይከብዳል!"

ዘጠኝ ምዕራፍ አለቀ። አባቷ ግን "አሥረኛ አለ" ይላል ሁልጊዜ። ስትጠይቀው "ሲደርስ እነግርሻለሁ" ብሎ መነጽሩን ያጥፋል። እሷም ነገሩን አሰላችው፤ አሥረኛውን ከሰማች በአራት ወር መጽሐፉን ጨርሳ ታትሞ እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች። ሐኪሙ የሰጠው ጊዜ ከአንድ ዓመት ብዙም አይበልጥም ነበር።

ጥፋቱ የተፈጸመው አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲሱ ጌም መቶ ፎቅ ያለው ፍርስራሽ ማማ ላይ የሚካሄድ ነው፤ ምድር ቤቱ ላይ ተጫዋቹን የሚቀበል የአሳንሰር ጠባቂ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሥራው ለሌላ ለማን ይሰጣል? አሥራ አራት ሽማግሌ ሣለች፤ የቡድን መሪው አሥራ አራቱንም ጣለ።

"ጺሙ ጥሩ ነው፣ ልብሱ ጥሩ ነው" አለ የመጨረሻውን አይቶ። "ግን ሥራ የሚያውቅ አይመስልም። የሆነ ሰው ከጡረታ ቤት አውጥተሽ በር ላይ ያቆምሽው ነው የሚመስለው።"

"እስከ ነገ ስጠኝ።"

"ነገ? ትልልቆቹ አለቆች አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ዛሬ! ባዶ ቦታ ላሳያቸው?"

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የኮሚክ ገጾቿን በስካነር አንስታ በፍላሽ ይዛቸው ነበር፤ ለአታሚ ልታሳይ። ፍላሹን ሰካች። ለዛሬ ብቻ ነው ብላ አሰበች፤ ስብሰባው ይለፍና ነገ ሌላ ፊት እተካበታለሁ። ሽማግሌውን ከገጽ ሃያ ሁለት ላይ ቆርጣ አወጣችው፣ ቀለም ቀባችው፣ በሥራው ፋይል ውስጥ አስቀመጠችው፣ የማስረከቢያ ሰነዱንም ፈረመች። ሁሉም ነገር አርባ ደቂቃ አልፈጀም።

የቡድን መሪው ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። ከዚያ "ይሄን ሰውዬ የት ደብቀሽው ነው እስከ ዛሬ?" አለ።

በማግስቱ ልትቀይረው ስትል ፋይሉ ተቆልፎ አገኘችው። ሞዴል ሠሪዎቹ ወስደውት፣ አንዱ እግሩን እያስኬደ፣ ሌላው አንገቱን እያዘነበለ ነው። "ኧረ ጊዜያዊ ነበር" አለች። "ጊዜያዊ?" አሉና ሳቁባት። "የጌሙ ምርጡ ነገር እሱ ነው እኮ!" እሷም ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ያኔ ጮኻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይመለስ ነበር፤ ግን አሥራ አራት ጊዜ የተጣለ ሰው ሲወደስ አፉ በቶሎ አይከፈትም።

ከስምንት ወር በኋላ አባቷ የጌሙ ማስታወቂያ ሆኖ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተለጠፈ። ሁለት ሜትር ቁመት፣ ቆቡ፣ እርሳሱ፣ መቆንጠጫው። እህቷ በስልኳ አንስታ ለራሱ አሳየችው። እሱም ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

"በዚህ ዕድሜዬ ሥራ አገኘሁ በሉኛ! ደግሞ መቶ ፎቅ፤ መለዋወጫውን ከየት ሊያመጡልኝ ነው?" ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ "ጫጭሬ፣ መጽሐፉስ? ገጹን አላመጣሽም ዛሬ?"

"ቀለሙ አልደረቀም" አለችው። ውሸቷን ነበር። በዚያው ሳምንት የስቱዲዮውን ሕግ ክፍል ኃላፊ አነጋግራ ነበር።

ኃላፊዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ውሉን አውጥታ አንቀጹን በጣቷ አሳየቻት፤ በሥራ ፋይል ገብቶ የተረከቡት ስዕል ሁሉ የኩባንያው ነው።

"ግን እኔ ቀድሜ የሣልኩት ነው። አባቴ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ እህቴ። አባትሽን ማንም አልወሰደብሽም፤ ስዕሉን ግን ራስሽ አስረከብሽን። ሰነዱ ላይ 'ለዚህ ሥራ የተሠራ' ብለሽ ፈርመሻል።" ፊርማዋን አየች፤ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። "ብትከራከሪ ዓመታት ይፈጃል። ኮሚክሽን አውጪ፣ ማንም አይከለክልሽም። ሽማግሌውን ብቻ ለውጪ። እንዲህ ሆኖ ከወጣ ከኛ የቀዳሽ ነው የሚመስለው።"

ከገዛ አባቷ የቀዳች። ደረጃውን በእግሯ ወረደች፤ አሳንሰሩን አልጠራችም።

ለክርክር የሚበቃ ዓመት አባቷ የለውም። ከማግስቱ ጠዋት ጀምሮ ሰማንያ አራቱን ገጽ እንደገና መሳል ጀመረች። አዲሱ ጠጋኝ ወፈር ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ መላጣ ሰው ነው። አንገቱን ቀጥ ታደርገዋለች፤ እጇ ግን ሳታስበው ያዘነብለዋል፤ ትፍቃለች። ቆቡን ታወልቃለች፤ ሦስተኛው ሥዕል ላይ ቆቡ ተመልሶ ይመጣል፤ ትፍቃለች። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ አባቷን ስትፍቅ ታነጋለች፣ ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳ ስቱዲዮ ውስጥ ያንኑ አባቷን ታስውባለች፤ ለጌሙ ቀጣይ ክፍል የክረምት ካፖርት ይፈልጉለታል።

ሰላሳ አንድ ገጽ ስትደርስ አባቷ ከአልጋ መነሳት ተወ። እህቷ በስልክ፣ "ደረቀም አልደረቀም ይዘሽ ነይ" አለቻት።

ቅዳሜ ሄደች። አባቷ ትራስ ተደርቦለት ማጉያውን አነሳ። የመጀመሪያውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየው። ገለጠ። ሁለተኛውን አየ።

"ካቻቪቴ አያያዙን ያውቅበታል" አለ በመጨረሻ። "ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ማነው?"

እሷ የትራሱን ጠርዝ አስተካከለች። እሱም ሌላ ጥያቄ አልጨመረም፤ ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ፣ "የበሩ ሐዲድ ግን ትንሽ ወጣ ብሏል" አላት፤ እንዳይከፋት ብሎ። ያኔ ነው ሁሉንም የዘረገፈችው። ረቡዑን፣ ፍላሹን፣ ፊርማውን፣ ውሸቷን። የኦክስጅኑ ማሽን ጣልቃ እየገባ ይተነፍሳል።

"ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር አባዬ" አለች።

አባቷ መነጽሩን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። "አሥረኛውን አሁን ልንገርሽ" አለ።

አንድ ቀን የትልቅ መሥሪያ ቤት አሳንሰር ቆመ፤ አለቃው እየጮኸ ነበር፤ ለተበላሸው የበር ሞተር የሚሆን ምትክ ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። አባቷ ከሚሠራ አሳንሰር ላይ ዕቃ ነቅሎ አያውቅም፤ የሙያው ነውር ነው። በዚያ ቀን ግን ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ነቀለ። ለአንድ ቀን ብቻ ብሎ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ እግሩ የማይሠራ ሰው መኖሩን አያውቅም ነበር። ሞተሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ። አባቷ በየቀኑ ሰባት ፎቅ በእግሩ እየወጣ ዳቦና ወተት አደረሰለት። ሰውየው አንድም ቀን ክፉ አልተናገረውም። "ምሳ ምን በላህ?" እያለ አባቷን የሚጠይቀው እሱ ነበር። በሃያኛው ቀን ሞተሩን ገጥሞ በደስታ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ዘመዶቹ ተሸክመው አውርደው ወስደውታል። ከዚያ ወዲያ አላየውም።

"ለሰው ሁሉ ምሳ ምን በላህ የምለው ከእሱ በኋላ ነው" አለ። "እሱን ነው የምጠይቀው።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ካርዱን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። 'የሚመለስበት ቀን ምን ልበል?' አልሽኝ፤ 'ነገ በይ' አልኩሽ።"

"አላስታውስም።"

"አታስታውሺውም። ጥጉ ላይ ግን አሳንሰር ስለሽበታል።"

እጇን ያዘ። ይቅር አላት ወይም አላላት ለማለት አይቻልም፤ ስለዚያ አላወራም። "መላጣውን ሰውዬ አደራ" ብቻ አለ። "ጀምረሽዋል፤ በሩ ላይ አታቁሚው።"

ሐሙስ ዕለት ሞተ። እህቷ ስትደውል እሷ ስክሪኑ ላይ የካፖርቱን ቁልፎች እያስረጀች ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የቡድን መሪው ጠረጴዛዋ ጋ መጣ። "ከፈለግሽ ሽማግሌውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አለ።

"አይ። እኔው ልሥራው። ሌላ ሰው መቆንጠጫውን በቀኝ ያደርገዋል።"

መጽሐፉን ለመጨረስ አሥራ አንድ ወር ፈጀባት። አሥረኛው ምዕራፍ ውስጥ መላጣው ጠጋኝ ሰባት ፎቅ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል። ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእህቷ ወሰደችላት። እህቷ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ገጹን በፍጥነት ገለባበጠች፤ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ከኋላ ወደ ፊት።

"እሱ የታለ?" አለች። "አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስትመላለሺ... እሱ የታለ?"

መጽሐፉን ተቀብላት መጀመሪያው ላይ ከፈተችላት። ስዕል የሌለበት ገጽ ነው፤ በልጅ እጅ ጽሕፈት የተሞላ የካርቶን ካርድ ብቻ።

ከዚህ የተወሰደ
ዕቃው፦ የአንድ ሰው ፊት
የሄደበት፦ ሌላ ሕንፃ
የወሰደችው፦ ጫጭሬ
የሚመለስበት ቀን፦

እህቷ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ ነካች። "ይሄን ረስተሽዋል" አለች።

"አልረሳሁትም" አለች።