ጠመንጃ የያዘው ፖስተኛ

ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ቤተሰቡ «ቅብጥብጥ» ይላታል። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ከወንድሟ ጋር የስልክ ጨዋታ ይሠራሉ፤ እሷ ትሥላለች፣ እሱ ኮድ ይጽፋል። የጠፋች ድመት የሚፈለግበት የመጀመሪያ ጨዋታቸው ተወዶላቸው ነበር። ደብዳቤ ስለሚያደርስ ፖስተኛ የጀመሩት ሁለተኛው ግን አላልቅ አለ። ሰው ተኩስ ወደደ ሲባል ፖስተኛውን ጠመንጃ አስያዘችው፤ እሽቅድምድም ሲመጣ መኪና ላይ አወጣችው።

«እህትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ደብዳቤ ነው የሚያደርሰው ወይስ ሊዘምት ነው?» ይላታል ወንድሟ፣ የሠራውን መልሶ እያፈረሰ።

አንድ ቀን አውቶብስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ነርስ የድመቷን ጨዋታ ከስልኳ ላይ ስታጠፋው አየቻት። ክው አለች።

«ይቅርታ፣ ለምን አጠፋሽው?»

ነርሷ ገርሟት ቀና አለች። «ደጋግሜ ጨረስኩታ! ሌላ ይሠራሉ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም። ሳይተዉት አይቀሩም።»

«አልተዉትም» አለች። እኛ ነን ማለት ግን አፏ አልታዘዝ አላት። መውረጃዋ ሳይደርስ ወርዳ ወደ ሥራ ቦታዋ ተመለሰች።

«ጠመንጃውንም መኪናውንም አውጣልኝ» አለችው ወንድሟን።

«በምትኩ ምን ልታመጪብኝ ነው?»

«ምንም። እንጨርሰው።»

ወንድሟ አላመናትም፤ ቢሆንም ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ ብሎ ሥራው ላይ ተደፋ። ጨዋታው ሲወጣ የድመቷን ያህል ባይወደድም የክፍሏን ኪራይ ቻለላቸው። በማግስቱ ወንድሟ ወንበሩ ላይ ለሽ ብሎ ተኛ። እሷ ግን አርፋ መቀመጥ አቅቷት በክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር።