ቀፎዋ ከሥር ስትታይ

ቀፎ ከመፈተሽ በፊት እጅ መታጠብ አለበት። ሽታ ያለው እጅ ንብ ያስቆጣል፤ ፒልሬ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ስታሽ ነው ያረፈደችው። በሳሙና ታጠበች፣ አሸተተች፣ እንደገና ታጠበች።

«ሰርግ ልትሄጂ ነው እንዴ?» አላት ባሏ ዶክሱ ደጅ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ።

«ዝም ብለው ይቀመጡ፣ የሄራን አባት። እርስዎን ሳገባም እንዲህ አልታጠብኩ!»

ዶክሱ ሲስቅ አፉ ወደ ግራ ተጣመመ። ካለፈው የብርድ ወራት ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ጎንበስ ማለትማ ጨርሶ ቀርቷል። ዕድሜውን ሙሉ በጂሪ ተራራ ሥር ንብ ሲያረባ የኖረ ሰው ነው። በዚህ ዓመት የእጭ በሽታ ገብቶ ቀፎዎቹን በየተራ አስቃጠለው፤ የተረፈችው እዚያው ደጅ ከጥዱ ሥር ያለችው አንዷ ብቻ ናት። እሷም ላይ በሽታው ከተገኘ ዛሬ ማታ ክብሪት ይጫርባታል። ከዚያ ወዲያ ዶክሱን ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው ነገር እንደማይኖር ፒልሬ ታውቃለች።

ቀፎዋ አንዱ ባንዱ ላይ ከተደረደሩ ሳጥኖች የተሠራች ናት። ፒልሬ ክዳኑን ልትከፍት ያዘች።

«ተይው! ላይ ላዩ ማር ነው። ልጆቹ ታች ናቸው፤ ከሥር ነው የሚታየው። መጀመሪያ አንኳኪና አዳምጪ።»

በጣቷ መታ መታ አደረገች። ንቦቹ በአንድ ትንፋሽ «ሽሽ» ብለው ጸጥ አሉ።

«እንዴት አሉ? ከዚህ ሆኜ አይሰማኝም።»

«ሩዝ ድስት ውስጥ ሲገለበጥ እንደሚለው። ወዲያው ቆመ።»

«ንግሥቷ አለች። ብትጠፋ ኖሮ ሲያጉረመርሙ ይቆዩ ነበር።»

የታችኛውን በር ከፍታ የጭቁኝ ቅጠል ጢስ ትንሽ ለቀቀችባቸው። ንቦቹ ወደ ላይ ሸሹ። የእጅ መስታወት ከሥር አስገብታ አዘነበለችው፤ የሰም እንጀራው በሙሉ ታያት። ቀዳዳዎቹ በሰም ተሸፍነዋል። አንዱ ግን ክፍት ነው፤ ውስጡ ነጭ እጭ ሹል ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ተኝቷል።

በተቃጠሉት ቀፎዎች ውስጥም ዶክሱ ያሳያት እንዲህ ያለውን ነበር። ደህና ነው ብትለው ጎንበስ ብሎ ማጣራት አይችል! ግን በሽታ ከሆነ የጎረቤቱንም ንብ ይጨርሳል።

«የሄራን አባት... አንድ ጭንቅላቱን ቀና ያደረገ አለ።»

ዶክሱ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «በወረንጦ ሳቢው። ውሃ እንደሞላ ከረጢት ተንጠልጥሎ ከወጣ ክብሪቱን አምጪ።»

ወረንጦውን ይዛ ያለ ጓንት እጇን አስገባች። ንቦቹ ክንዷ ላይ ወጡ፤ አንዷ አውራ ጣቷን ነደፈቻት። ፒልሬ ጥርሷን ነክሳ እጩን አወጣችና በዶክሱ ደህናው መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት። ወረንጦው ወገቡን ጨፍልቆት ነጭ ነገር ይወጣዋል።

ዶክሱ ዓይኑ ድረስ አቀረበው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። ለካስ እየሳቀ ነው።

«ውሃ አይደለም፤ ወተት ነው! በሰም ሊሸፍኑት ሲሉ ነው የደረስሽባቸው። አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ልጅ ገደልሽ እኮ!»

«ገደልኩት?» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሳቋም አብሮ መጣ። ወደ ቀፎዋ ዞራ፣ «ይቅር በሉኝ» አለች።

«በይ ዝጊ፣ ብርድ ገባባቸው። ጣትሽንም አምጪ።»

በግራ እጁ ጥፍር የንቧን መርፌ ይፍቅላት ጀመር። እጁ አልለመደምና ጊዜ ፈጀበት። መርፌው ከወጣ በኋላም ፒልሬ እጇን አልወሰደችም።

«ሳምንት ደግመሽ ታያቸዋለሽ» አላት። «ወረንጦውን ግን እኔ ጋ ትተሽ።»