እቲ ገዛ ኣሎ

አራስ ልጄን ታቅፌ ከወሎ ስመለስ የተከራየናት ክፍል በር አልከፈት አለኝ። በትከሻዬ ገፋ ሳደርገው አንድ ጥቁር ጃንጥላ እግሬ ላይ ወደቀ። ቀና ብዬ ባይ ከአልጋው ሥር ጃንጥላ፣ ከአልጋው በላይ ጃንጥላ፤ ቁም ሣጥናችን መቆሚያ አጥቶ በረንዳ ላይ ተገትሯል። ባሌ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነውና መጀመሪያ የሰው አደራ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ክው አልሁ። ልጄን እንደታቀፍሁ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ።

ያ ሁሉ ጃንጥላ ቤታችን ነበር። ቤት ልንገዛበት ያጠራቀምነው ብር ማለቴ ነው።

ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ ደርግ በወደቀ ማግስት ነው ለንግድ ብለን መቐለ የገባነው። ከገባን ጀምሮ ከኪራይ መውጣት የሚባል ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ባሌ ወለድ ሐራም ነው ብሎ ባንክ ደጃፍ አይደርስም። ስለዚህ የገበያውን ዕቁብ እንጥላለን፤ ዕጣው ሲወጣልን ያገራችን ሰው ከሆኑ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ አማና እናስቀምጠዋለን። እሳቸው አይነኩት፣ እኛ አንነካው። ሥጋ ለዒድ ብቻ ነው፤ በአዘቦቱ ሽሮ፣ ሽሮው ሲሰለች ደግሞ ሽሮ። የጥሎሼን የጆሮ ወርቅ እንኳ ሸጬ ጨምሬበታለሁ። ባሌ «አንቺ እኮ ከትንፋሽሽም ታስቀምጫለሽ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ያሹፍ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!

እንዲህ እንዲህ ስንል ከመቐለ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ ውስጥ አንዲት ባልቴት የድንጋይ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው ተባለና ሄድን። አደይ ነው የምንላቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ሁለት ክፍል፣ ትንሽ ግቢ፣ የራሱ በር። ወይ መታደል! በዋጋው ተስማማን፤ የጎደለችን ትንሽ ነበረች፣ እሷንም የሚቀጥለው ዕጣ ይሞላታል። አደይ ሆዴን አይተው አዘኑልኝና እስከ ፋሲካ ለማንም እንደማይሸጡ ቃል ሰጡን። ለነፍሰ ጡር የገባሁትን ቃል ባጥፍ ማርያም ትታዘበኛለች ነው ያሉት። አንድ ሾፌር ግን ያንኑ ቤት ፈልጎ በየጊዜው ይመላለስ ነበር። ባሌ የሾፌሩ ነገር ዕረፍት ነሳው፤ እህል ሲያኝክ እንኳ ስለሱ ነው የሚያወራው። እኔ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ብዬ፣ ያንን ጭንቀቱን ለብቻው ትቼለት አገሬ ገባሁ።

እና አሁን ጃንጥላ።

ባሌ ከሱቅ መጣ። ልጅቷን እንኳ በወጉ ሳያይ፣ ሾፌሩ ቀድሞን ገዛው አለኝ። የፋሲካው ፆም ሳይጋመስ፣ አንድ ሰኞ፣ የአደይ ዘመድ ለገበያ ሲመጣ መልእክት ይዞ ሱቁ ድረስ መጥቶ ነግሮታል። እሱም ተስፋ ሲቆርጥ፣ ብሩ እጁን አጣጥፎ ከሚቀመጥ ክረምቱ ሳይገባ ላገላብጠው ብሎ ከአማና አውጥቶ ጃንጥላ ገዛበት። ምን ልበል? አላህ ካላለው አይሆንም ብዬ ዋጥ አደረግሁት። ውስጤ ግን አሮ ነበር።

ሰውነቴ ጠና ሲል አደይን ልሰናበት ልጄን ይዤ ቁሓ ሄድሁ። ልጅቷን ሳሟት፣ እኔን ግን አልሳሙኝም። ምነው እንዲህ ያለ ነገር ሠራችሁብኝ ብለው ወቀሳ ጀመሩ፤ ፋሲካ እስኪያልፍ ጠብቀው ጠብቀው የምንቀር ሲመስላቸው፣ ባለፈው ሳምንት ለሾፌሩ ሸጠውታል።

ባለፈው ሳምንት! ጆሮዬን አላመንሁትም። ሾፌሩ ገና በፆሙ ገዝቷል ተብሎ ተልኮብን የለም ወይ ብላቸው፣ ባልቴቲቱ በድንጋጤ አማተቡ። የላኩት ቃል አንድ ብቻ ነው።

«‹እቲ ገዛ ኣሎ› በለው ነው ያልሁት።»

ያ ረቢ! ትግርኛ ገዛ ሲል ቤት ማለቱ ነው። እቲ ገዛ ኣሎ፤ ቤቱ አለ፣ አልተሸጠም፣ እየጠበቀ ነው። ባሌ ደግሞ በአማርኛ ጆሮው የሰማው ያ ሰውዬ «ገዛ» አለ፣ ቤቱን ሸመተው፣ የሚል ነው። እቲ ማለት ያ ነው፤ ያ ያለው ሾፌሩ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል? ልጄን አዝዬ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርሁና ወደ ቤት ገሠገሥሁ።

ቤት ስገባ የስድብ መዓት ነበር ያዘጋጀሁለት። የአደይን ቃል ስነግረው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እንኳን የመቐለ ነጋዴ የመቐለ ዝንብ የሚያውቀውን ቃል እንዴት ሳትሰማው ቀረህ አልሁት።

«ገዛ ቤት መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?» አለኝ። «ክራይ ገዛ እያልሁ በየወሩ አልከፍልም? የፈራሁትን ነው የሰማሁት።»

ከዚያ ወዲያ አንድም ክፉ ቃል አልወጣኝም። ዝናቡም በዚያ ክረምት ለስሙ ጠብ ጠብ ብሎ ሄደ። ጃንጥላውን ለፀሐይ ነው እያልን፣ በዱቤ እየሰጠን፣ ለሙሽራ እየሸለምን ስንት ዓመት ገፋነው። እኛ እንደገና ሽሮ ጀመርን፤ የቤት ዋጋ ግን የእኛን ሽሮ አልጠበቀም። ከተማዋ ተለጥጣ ቁሓን ዋጠቻት። ዕቁባችን በደረሰ ቁጥር ዋጋው ካለበት አንድ ደረጃ ወጥቶ እናገኘዋለን።

ያቺ አራስ ልጅ ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። አፏን የፈታችው በትግርኛ ነው። ባሌ ሱቁን ሊዘጋ ሲል እየደወለ መግባቷን ይጠይቃታል። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ ስልኩ ከፍ ብሎ ይሰማኛል።

«ገዛ ኣለኹ፣ አባ።»

ሌላ ጊዜ እሺ ብሎ ይዘጋዋል። በዚያን ቀን ምን እንዳሳሰበው እንጃ፣ «የማን ገዛ?» አላት።

ልጅቷ ሳቀች። «ናትና እምበር!»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «የኛ ነዋ አለችኝ» አለ። የዚያን ወር ኪራይ ገና አልከፈልንም ነበር።